ደላላው የማን ነው? የተዘዋዋሪ ነርስና የአገናኝ ድርጅት ታሪክ

በአገራችን ደላላ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ኮሚሽኑን የሚከፍለው ማነው?» ተብሎ ነው። ቤት ፈላጊም ሆነ ሥራ ፈላጊ ደላላው ከማን ወገን እንደ ቆመ የሚያውቀው ከፋዩን አይቶ ነውና። ይህ የገበያ ጥያቄ በአሜሪካ በተዘዋዋሪ ነርስነት ለተሰማሩ ወገኖቻችን ምን ያህል እንደሚጠቅም የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው።

እኔ መሐንዲስ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም በአሜሪካ ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን የተዘዋዋሪነት ውሏን ከመፈረሟ በፊት፣ «አንተ ውል ማንበብ ሥራህ ነው፤ እስቲ እየው» ብላ ላከችልኝ። የሳምንቱን ክፍያ ደመርኩና «ጥሩ ነው፣ ፈርሚ» አልኳት። ስሕተቴ ምን እንደ ነበር ለማስረዳት ከታሪኩ መነሣት ይኖርብኛል።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ አብዛኞቹ የአሜሪካ ምሩቃን ነርሶች የሆስፒታል ተቀጣሪዎች አልነበሩም። የሆስፒታሉን ሥራ በብዛት ያከናውኑ የነበሩት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ምሩቋ ነርስ ግን ወደ ሕመምተኛው ቤት እየሄደች ታስታምም ነበር። ሕመምተኛውንና ነርሷን የሚያገናኙት የነርሶች መዝገብ ቤቶች ነበሩ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሆስፒታሎችና በነርሶች ማኅበራት፣ ሌሎቹ በነጋዴዎች የተቋቋሙ ናቸው። ለመመዝገቢያም ሆነ ለአገናኝነቱ የምትከፍለው ነርሷ ራሷ ነበረች።

በዚያ ዘመን ከሠራተኛ ገንዘብ መሰብሰብ የሌሎችም ሙያዎች ደዌ ነበር። በ1914 የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ አገናኞች ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበሉ በድምፁ ከለከለ። ነገር ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 ሕጉን 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሻረው። ዳኛ ሉዊስ ብራንዳይስ በልዩነት ሐሳባቸው የአገናኞቹን በደል ዘርዝረዋል። ከእነዚህም አንዱ አገናኙ ከሠራተኞች አለቃ ጋር ተመሳጥሮ ክፍያውን መካፈሉ ነበር፤ ሠራተኛው ቶሎ በተባረረ ቁጥር አዲስ ሰው ይላካል፣ አዲስ ክፍያም ይገኛል። ግዛቶች የአገናኞችን ክፍያ ሊወስኑ እንደሚችሉ ያው ፍርድ ቤት የተቀበለው በ1941 በነብራስካ ጉዳይ ላይ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአገናኙ መልክ ተለወጠ። ኬሊ በ1946 በዲትሮይት፣ ማንፓወር በ1948 በሚልዋኪ ተመሠረቱ። እነዚህ ድርጅቶች አገናኝተው ብቻ አልተለዩም፤ ራሳቸው ቀጣሪ ሆነው ሠራተኛውን ለሌላ ድርጅት በሰዓት ያከራዩ ጀመር። ሂሳቡን የሚከፍለው ሠራተኛውን የተረከበው ድርጅት ሆነ። የነርስ እጥረት በበረታባቸው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ደግሞ ይኸው አሠራር ነርሷን ከግዛት ወደ ግዛት የሚልኩ ድርጅቶችን ወለደ። ውሉ ብዙውን ጊዜ የ13 ሳምንት ነው። ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ ሰዓት ለድርጅቱ ይከፍላል፤ ድርጅቱም ወጪውንና ትርፉን ቀንሶ ቀሪውን ለነርሷ ይሰጣል።

እንግዲህ ነርሷ ከከፋይነት ዳነች። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ1997 ባወጣው 181ኛ ስምምነት ከሠራተኛ ክፍያ መቀበልን በመርህ ደረጃ ከልክሏል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1999 አጽድቃለች። ነገር ግን ከፋይ አለመሆን የራሱ ዋጋ አለው። የድርጅቱ ደንበኛ ሆስፒታሉ እንጂ ነርሷ አይደለችም። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ ድርጅቱ ለማን እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም።

የክፍያው አከፋፈልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከነርሷ ገቢ ከፊሉ ግብር የሚከፈልበት ደመወዝ ሲሆን ከፊሉ የቤትና የምግብ አበል ነው። አበሉ ከግብር ነፃ የሚሆነው ነርሷ በሌላ ስፍራ ወጪ የምታወጣለት እውነተኛ መኖሪያ ሲኖራትና በአንድ ቦታ የምትቆይበት ጊዜ ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ሲሆን ነው። ደመወዙ ዝቅ፣ አበሉ ከፍ ሲል በእጅ የሚገባው ገንዘብ ይበዛል፤ የትርፍ ሰዓትና የጡረታ መነሻው ግን ያንሳል። በ2021 መቀመጫው በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ ትልቅ ድርጅት ጉዳይ ላይ፣ ከተሠራው ሰዓት ጋር የሚቀናነስ አበል ደመወዝ ስለሆነ ለትርፍ ሰዓት ስሌት ሊታሰብ ይገባል ሲል ፈርዷል።

አሁን ወደ እህቴ ውል ልመለስ። በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት የተዘዋዋሪ ነርሶች ክፍያ እጅግ ንሮ ነበር። በ2022 ፍላጎቱ ሲቀዘቅዝ ብዙ ሆስፒታሎች ክፍያ ቀነሱ፣ ውልም አቋረጡ። እህቴ ሥራ በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት «ከነገ ጀምሮ አያስፈልግም» ተባለች። ለሦስት ወር የተከራየችው ቤት ዕዳ በእጇ ቀረ። አገናኟ «የሆስፒታሉ ውሳኔ ነው» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጣትም። ውሉን እንደገና ሳነበው ነገሩ ሁሉ ተጽፏል፤ ሆስፒታሉ በማንኛውም ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል፣ ድርጅቱም ኃላፊነት የለበትም ይላል። እኔ ያነበብኩት ቁጥሩን ብቻ ነበር።

የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ስሕተት በግንባታ ውል ላይ እንደማይሠሩት አውቃለሁ። አሠሪው በራሱ ፍላጎት ውል ሲያቋርጥ ተቋራጩ የሠራበትንና መሣሪያውን ከሥራው ቦታ የሚያነሣበትን ወጪ እንዲያገኝ አስቀድመን እንጽፋለን። ነርሷም ጓዟን ጠቅልላ ወደ ማታውቀው ከተማ የምትሄድ ተቋራጭ ናት፤ የመመለሻ ወጪዋ ግን በማንም ሒሳብ ውስጥ አልተያዘም።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገናኝ የምትመርጥ እህት ቢያንስ ሁለት ሦስት ድርጅቶችን ጠይቃ መልሳቸውን ጎን ለጎን ታስቀምጥ። ሆስፒታሉ በሰዓት ስንት ይከፍላል፣ ለእኔስ ስንት ይደርሰኛል? ሥራ ሲቀንስ የሚከፈለኝ የሳምንት ሰዓት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥልኛል? ውሉ ቢቋረጥ የቤት ኪራዩን ማን ይሸከማል? ደመወዙና አበሉ ተለይተው ስንት ስንት ናቸው? የጤና መድንዬ ከየትኛው ቀን ይጀምራል፣ በሁለት ውሎች መካከልስ ይቋረጣል? ለእነዚህ በጽሑፍ የማይመልስ ድርጅት አነጋገሩ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ መተው ይሻላል።

እህቴ ሁለተኛውን ውል የፈረመችው ከሌላ ድርጅት ጋር ነው። የሳምንት ክፍያው ከፊተኛው ያንሳል፤ የሰዓቱ ዋስትናና የአንድ ወር የቤት ኪራይ ካሣ ግን በጽሑፍ ሰፍሮበታል። ከመፈረሟ በፊት እንደ ልማዷ ላከችልኝ። በዚህ ጊዜ ማንበብ የጀመርኩት ከመጨረሻው ገጽ ነው።