ያለ ቍልፍ ስለ ተሸጡት የእጅ ስልክ ጨዋታዎች አጭር ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት አዘጋጆች ከታሪክ ክበባችን አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ፥ ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት እንጽፋለን ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። እኛ ግን ስለ ጨዋታ ልንጽፍ ተነሣን። መምህራችን «ጨዋታም ታሪክ አለው እንዴ?» ብለው ፈገግ አሉ፤ ቢሆንም አልከለከሉንም። ነገሩ የተነሣው በክፍላችን ውስጥ ከተደረገው ክርክር ነው፤ ይኸውም በገንዘብ የተገዛ የስልክ ጨዋታ የገዢው ንብረት ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ ተመልሰን ብንፈልግ፥ የታሪኩን መነሻ በፖላንድ አገር አገኘነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ቍልፍ ያልነው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። መጽሐፍ የገዛ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ ያነበዋል፤ ለወንድሙም ያውሰዋል፤ ባለሱቁ ሱቁን ቢዘጋ መጽሐፉ ከመደርደሪያው አይጠፋበትም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ብዙውን ጊዜ በውስጡ ዘበኛ ተቀምጦለት ይሸጣል። ዘበኛው ጨዋታው ሲጫን ወይም ሲከፈት «ይህ ሰው በእርግጥ ከፍሏልን?» እያለ የሻጩን መዝገብ በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ አይከፍትም። ባለሙያዎቹ ይህን ዲ.አር.ኤም. ይሉታል፤ እኛ በቀላሉ ቍልፍ ብለነዋል። የተሠራውም ሳይከፍሉ የሚቀዱትን ለመከልከል ነው።

ማርቺን ኢቪንስኪና ሚሐው ኪቺንስኪ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ የዋርሶ ልጆች ነበሩ። በዚያን ዘመን በፖላንድ ጨዋታ የሚሸጠው በገበያ ውስጥ፥ ከሌላ የተቀዳ ሆኖ ነበር፤ ኢቪንስኪም ራሱ በዚያ ገበያ ቅጂ ከሚለዋወጡት ወጣቶች አንዱ ነበረ። የደራሲን መብት የሚጠብቀው አዲሱ ሕግ በ1994 ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሁለቱ ወዳጆች በ2,000 ዶላርና በአንድ ኮምፒዩተር ሲ.ዲ. ፕሮዬክት የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ከሕጉ በኋላም ቢሆን ርካሹን ቅጂ ከገበያ የሚነቅል ኃይል አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰቡ። በ1999 ባልደርስ ጌት የተባለውን ጨዋታ በታወቁ የፖላንድ ተዋንያን ድምፅ ወደ ቋንቋቸው አስመለሱት፤ በትልቅ ሣጥን፥ ከካርታና ከሙዚቃ ዲስክ ጋር አቀረቡት። ጨዋታው በ5 ዲስኮች የተሞላ ስለ ነበረ፥ ቀጂው አምስቱን ቀድቶ ሲሸጥ ዋጋው ከመጀመሪያው እምብዛም አይርቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን 18,000 ሣጥን ተሸጠ። እነዚህ ሰዎች ሌባን ያሸነፉት በቍልፍ ሳይሆን ከሌባው የተሻለ ዕቃ በማቅረብ ነው፤ እኛ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የወደድነው ይህን ክፍል ነው።

በ2008 ይኸው ድርጅት ጉድ ኦልድ ጌምስ፥ ማለት «ጥሩዎቹ የድሮ ጨዋታዎች» የተባለውን የኢንተርኔት መደብር ከፈተ። ዋጋው 5 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወይም 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር፤ ቍልፍ ግን በአንዱም ላይ አልነበረም። በ2011 የራሱ ሥራ የሆነው ሁለተኛው ዊቸር በወጣ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። በሣጥን የተሸጠው ባለ ቍልፍ ነበር፤ በመደብሩ የተሸጠው ያለ ቍልፍ ነበር። ቀጂዎቹ በዓለም ላይ የበተኑት ግን ቍልፉን ሰብረው ያወጡትን የሣጥኑን ቅጂ እንጂ፥ ክፍት ሆኖ የተገኘውን አልነበረም። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ቍልፉን ከሁሉም ላይ አነሣው።

መደብሩ በ2012 ጎግ ዶት ኮም በሚል ስም አዳዲስ ጨዋታዎችን ደግሞ መሸጥ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ለማክ፥ በ2014 ለሊኑክስ ደጁን ከፈተ። በእነዚያ ዓመታት የእጅ ስልክ ጨዋታ ግን በመደርደሪያው ላይ አላኖረም። በዚህ ረገድ የቀደሙት በአሜሪካ አገር፥ በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ ወጣቶች ናቸው።

በዚያ ከተማ ካይል ጋብለርና ሮን ካርመል የተባሉ ሁለት ሰዎች ከትልቅ ኩባንያ ሥራቸውን ለቀው፥ በ10,000 ዶላር ቍጠባ ወርልድ ኦፍ ጉ የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ቢሮ ስላልነበራቸው ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት በቡና ቤት ተቀምጠው ነበር። በ2008 ያለ ቍልፍ ሸጡት። የተሸጠውን ብዛት ከተጫዋቾቹ ብዛት ጋር ባስተያዩ ጊዜ፥ ከ10 ተጫዋቾች 9 ያህሉ እንዳልከፈሉ ገመቱ፤ በኋላ ስሌቱን አርመው ወደ 82 ከመቶ ዝቅ አደረጉት። ያም ቢሆን ከባድ ጕዳት ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ በማግሥቱ ቍልፍ በገዛን ነበር። እነርሱ ግን ቍልፍ የነበረው አንድ ሌላ ጨዋታም 92 ከመቶ ያህል እንደ ተቀዳ አይተው፥ ቍልፉ ከፋዩን ብቻ የሚያስቸግር መሆኑን ተረዱና እንደ ነበረው ተዉት።

በግንቦት 2010 ዎልፋየር የተባለ ትንሽ ድርጅት፥ ጄፍሪ ሮዝን እየመራው፥ ይህንን ጨዋታ ከአራት ሌሎች ጋር በአንድ አስሮ ሐምብል ባንድል፥ ማለት «ትሑት እሽግ» ብሎ ለሽያጭ አቀረበ። ዋጋውን የሚቈርጠው ገዢው ራሱ ነበር። ከገንዘቡም ለሠሪዎቹ ምን ያህል፥ ለበጎ አድራጎት ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚያዘው እርሱው ነበር። ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የሚያሳፍረው ነገር ግን፥ በ1 ሳንቲም መግዛት እየተቻለ፥ ሮዝን እንደ ገመተው ከሩብ የሚበልጠው ሳይከፈልበት ተወሰደ። በክፍላችን ይህ በተነበበ ጊዜ የሣቁ ነበሩ፤ ዝም ያሉም ነበሩ። ከዝምተኞቹ መካከል ጨዋታ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲያሻግሩ የምናውቃቸው ነበሩበት፤ እኛም ከዚያ ነፃ ነን አንልም።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። የአፕል የስልክ መደብር በሐምሌ 2008፥ የጉግልም በዚያው ዓመት ተከፈተ። በአፕል ስልክ ጨዋታ የሚገባው በኩባንያው በር ብቻ ነበር። አንድሮይድ ግን ሌላ ጓዳ ነበረው፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ኤ.ፒ.ኬ. የተባለውን ፋይል ከየትም አምጥቶ ሊጭነው ይችላል። በሜሞሪ ካርድ ጨዋታ ያስጫነ የአገራችን ልጅ ይህን ለማስረዳት መምህር አያስፈልገውም።

በ2012 መጀመሪያ ሐምብል ባንድል በዚህ ጓዳ ገባ። ለአንድሮይድ ባወጣው የመጀመሪያ እሽግ ውስጥ የዋርሶው አኖማሊ፥ የካናዳው ኦስሞስ፥ የፓሪሱ ኤጅና ያው ወርልድ ኦፍ ጉ ነበሩበት። አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው የስልኩንም የኮምፒዩተሩንም ቅጂ ያለ ቍልፍ ይወስድ ነበር። ልክ እንደ መጽሐፉ ማለት ነው፤ ስልኩ ቢሰበር በሌላ ስልክ ላይ፥ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጭነዋል።

ከአራቱ መካከል የኤጅ ነገር ልዩ ነው። በ2008 መጨረሻ ለአፕል ስልክ ወጥቶ ተወዶ ነበር። ነገር ግን «ኤጅ የሚለው ቃል የእኔ የንግድ ስም ነው» የሚል ሰው ስለ ተነሣ በ2009 ከአፕል መደብር ወረደ፤ ጨዋታው ጕድለት ሳይገኝበት፥ ሠሪዎቹ በስም ክርክር ምክንያት ገበያ ተዘጋባቸው። መግቢያው አንድ በር ብቻ ሲሆን፥ በሩን የያዘው ሰው ሲዘጋው የሚደርሰው ይህ ነው። ያው ጨዋታ ከሦስት ዓመት በኋላ በባለ አንድሮይዱ እሽግ፥ ማንም መልሶ ሊወስደው በማይችል ፋይል፥ በገዢዎች እጅ ገባ።

ይህ መንገድ ግን ሰፍቶ አልቀጠለም። ሐምብል ባንድል ራሱ በዚያው በ2012 ኅዳር የቲ.ኤች.ኪው. ኩባንያን ጨዋታዎች ከሌላ መደብር ቍልፍ ጋር በመሸጥ የራሱን ደንብ አፈረሰ፤ ገቢውም ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን የስልክ ጨዋታ ንግድ ራሱ መለወጡ ነው። አፕል ከጥቅምት 2009 ጀምሮ በነፃ በሚወርድ ጨዋታ ውስጥ ዕቃ መሸጥን ስለ ፈቀደ፥ ሠሪዎቹ ጨዋታውን በነፃ እየሰጡ በውስጡ ወርቁንና ሰይፉን መሸጥ ጀመሩ። የእንዲህ ያለው ጨዋታ ግማሽ አካሉ የሚኖረው በኩባንያው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ፋይሉ በእጅ ቢኖርም ባዶ ቀፎ ነው፤ ቍልፍ ማንሣትም ትርጕም አይኖረውም። በዋጋ የተገዙትም ቢሆኑ ዕድሜ አላገኙም፤ በመስከረም 2017 አፕል የስልኩን ሥርዓት ባደሰ ጊዜ፥ በቀድሞው አሠራር ተሠርተው ያልታደሱ አያሌ ጨዋታዎች በአዲሱ ሥርዓት ላይ አልከፈት አሉ። ያለ ቍልፍ የሚሸጠው የአንድሮይድ ጨዋታ በ2013 በተከፈተው ኢች በተባለው መደብር ውስጥ፥ በትንንሽ ሠሪዎች እጅ ቀረ።

የክፍላችን ክርክር ግን ከሕግ ፊት ደረሰ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በመስከረም 2024 ባጸደቀው፥ ከጥር 2025 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፥ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ሻጭ ይህንኑ በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀም ታዝዟል። ከዚህ ግዴታ ነፃ ከሆኑት አንዱ፥ ገዢው ለዘለቄታው አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊጠቀምበት የሚችለውን ዕቃ የሚሸጥ ነው።

ይህን ያነበብን ጊዜ ክርክሩን የረታን መስሎን ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን ግን ተነሥቶ የጉግልን ነገር አስታወሰን። ጉግል በነሐሴ 2025 ባስታወቀው ዕቅድ መሠረት፥ ማንነቱን በኩባንያው ዘንድ ያላስመዘገበ ሰው የሠራው ፋይል፥ ከ2026 ጀምሮ በመጀመሪያ በብራዚል፥ በኢንዶኔዥያ፥ በሲንጋፖርና በታይላንድ፥ የጉግል ፈቃድ ባላቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን ተወሰነ። ብዙ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ፥ ኩባንያው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፥ አደጋውን አውቀው መጫን ለሚፈልጉ ልምድ ላላቸው ሰዎች መንገድ እንደሚተው ገለጸ።