የመስታወት ሣጥንና የክረምት እርጥበት፦ ስለ ጥንታዊ ኪታቦች አጠባበቅ

ጥንታዊ ኪታብን በመስታወት ሣጥን ቆልፎ ማኖር እንደ ክብር ይቆጠራል። ሆኖም ዝናብ በሚበዛባቸው የአዊ ደጋማ ከተሞች፣ በተለይም ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት እንጅባራ፣ ሣጥኑ ራሱ የኪታቡ ጠላት ሊሆን ይችላል። አንጻራዊ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ አልፎ ሲቆይ በወረቀትና በቆዳ ላይ ሻጋታ ይበቅላል።

ዓለም ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪቲሽ ሙዚየም ቅርሶች ከቦምብ ይድኑ ዘንድ በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ተሸሸጉ። ከቦምቡ ዳኑ፤ ከእርጥበቱ ግን አልዳኑም። ብረቱ ዛገ፤ ወረቀቱም ሻገተ። ጉዳቱን እንዲመረምር የተጠራው ኬሚስት አሌክሳንደር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1920 የሙዚየሙን ቤተ ሙከራ መሠረተ። ቅርስን በሳይንስ የመጠበቅ ሙያ ብዙ ዕዳ ያለበት ለዚያ ዋሻ ነው ማለት ይቻላል።

ምስጢሩ በሙቀት መለዋወጥ ላይ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 60 በመቶ እርጥበት ያለው አየር ወደ 17 ዲግሪ ሲወርድ ወደ 100 በመቶ ይጠጋል። ቀን በአምፖል የሞቀ ሣጥን በእንጅባራ ሌሊት ሲቀዘቅዝ መስታወቱ በውስጥ በኩል ያልበዋል። ከጥላሸትና ከሙጫ የተዘጋጀ ቀለም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይለቃል። ስለዚህ አምፖል ከሣጥኑ ውጭ ይሁን።

ኪታብን በቆዳ ማኅደር የመክተት የቆየ ልማድ ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥበብ አለበት፤ ቆዳው እርጥበትን ቀስ ብሎ ስለሚቀበልና ቀስ ብሎ ስለሚመልስ ድንገተኛውን ለውጥ ያለዝባል። ማኅደሩን አውልቆ ኪታቡን ብቻውን ለእይታ ማቅረብ ይህን ጋሻ መግፈፍ ነው። በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም ብዙ የእጅ ጽሑፎች ተሰብስበዋል፤ ነገር ግን የሐረር አየር ከአዊው ስለሚለይ የዚያ አሠራር እንዳለ ወደ አዊ አይተላለፍም።

የእንግሊዛዊው ጋሪ ቶምሰን ስሌት ለአንድ ሜትር ኩብ ሣጥን 20 ኪሎ ሲሊካ ጄል ይመክራል፤ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ለሆነ ሣጥን 2 ኪሎ ይደርሳል። ፍጹም የደረቀ ጄል ግን ቆዳን ያኮማትራል፤ ገጾችንም ያጣምማል። ስለዚህ ጄሉ አስቀድሞ በበጋ፣ የክፍሉ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ በሚሆንበት ወቅት፣ ለሳምንታት ተዘርግቶ ከአየሩ ጋር ይመጣጠን፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትም ከሣጥኑ ወለል ሥር ይቀመጥ። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያም ከኪታቡ አጠገብ ይኑር፤ ንባቡም ጧትና ማታ ይመዝገብ።