ሁለት ዕጣዎች

ሶደሬ የሕመምተኛም የጤነኛም አገር ነው። ከአዳማ ወጥቶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ አዋሽ ዳር የሚገኘው ይህ ፍል ውሃ ለከተሜው መዝናኛ፣ ለቁርጥማት በሽተኛው ደግሞ መድኃኒት ነው። ወጣቱ በመዋኛው ሲንቦጫረቅ፣ አዛውንቱ ጀርባቸውን ለሚፈላው ውሃ ሰጥተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጦጣዎቹ ከዛፍ ላይ ሆነው የማንን ምሳ እንደሚቀሙ ያጠናሉ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር እኔም ወደዚያ የወረድኩት በሽተኛ ይዤ ነበር። በሽተኛዬ ግን ጀርባውንም ጉልበቱንም አላመመውም። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ የአክስቴ ልጅ ነው። ሕመሙ ቁማር ነበር።

ልጁ ባጃጅ ሊገዛ ብሎ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጣለ። ዕጣው የወጣለት ዕለት ደስታው የቤተሰቡ ሁሉ ሆነ፤ ዋስ ሆኜ የፈረምኩለትም እኔ ነበርኩ። ገንዘቡ ግን ሦስት ሳምንት አልቆየም። እንግሊዝ አገር አንድ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት በሳተ ቁጥር፣ አዳማ ላይ የአክስቴ ልጅ የባጃጁን አንድ ጎማ ያጣ ነበር። እኛ የሰማነው ጎማውም ሞተሩም ካለቀ በኋላ ነው። አክስቴ ስታለቅስ ሰንብታ፣ «እባክህ ፍል ውሃ ውሰድልኝ፤ የያዘው ነገር ይልቀቀው» አለችኝ። አልሳቅሁባትም። ሌላ የት እንደምወስደው እኔም አላውቅም ነበርና።

እርሱ ውሃው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እኔ ዳር ሆኜ ስለ ቃላት አሰብኩ። ቋንቋችን ለዚህ ነገር ሦስት ቃላት አሉት። «ዕጣ» የጥንት ቃላችን ነው፤ ክብርም ነውርም አይቷል። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ማትያስን የተኩት በዕጣ ነው፤ ወታደሮቹም በመስቀሉ ሥር ልብስ የተካፈሉት በዕጣ ነው። «ቁማር» ከዐረብኛው «ቂማር» የመጣ ሲሆን ከአፋችን የሚወጣው በእርግማን መልክ ነው። የሐዋርያት ቀኖና ዛራ መጫወት የማይተወውን ካህን ከማዕርጉ ይሽረዋል፤ ቅዱስ ቁርኣንም በሱረቱል ማኢዳ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ አውግዞታል። በአዳማ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ሰው በዚህ ጉዳይ አይለያይም። ሦስተኛው ቃል «ሎተሪ» ነው። ይህኛው ባሕር ተሻግሮ፣ ማኅተምና ፊርማ ይዞ መጣ። የመንግሥታችን ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ፣ ከሞላ ጎደል፣ ሦስተኛውን ቃል ከሁለተኛው ለመለየት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በአዋጅ ቁጥር 183 ነው። አሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰው ዕድሉን መሞከሩ ካልቀረ መንግሥት ያጫውተው፣ ትርፉም ለሕዝብ ጥቅም ይዋል። ከዚያ አብዮት መጣ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንኩን፣ የገጠሩን መሬት፣ ትርፍ ቤቱን ወረሰ፤ ሎተሪው ግን ቀድሞም የመንግሥት ነበርና ቀጠለ። ዙፋን ሲወድቅ፣ ባንዲራ ሲለወጥ፣ አዟሪው ትኬቱን በእጁ ዘርግቶ በዚያው አውቶቡስ ተራ ቆሞ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 535 ተቋሙን እንደ አዲስ አቋቋመው። ይህ አዋጅ ለሎተሪ የሰጠው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ቶምቦላውም፣ ቢንጎውም፣ የስፖርት ውርርዱም በዚያ አንድ ስም ሥር ተጠልለዋል። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ ባጃጅ የበላው ነገር በሕግ ፊት ቁማር አልነበረም። ሎተሪ ነበር።

ሕጉ ጥበቃ አላደረገም አልልም። ያለ ፈቃድ ማጫወትን ከለከለ፤ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ወደ ውርርድ ቤት እንዳይገባ አዘዘ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። እነዚህ ሁሉ ግን የበር ጠባቂ ሥራዎች ናቸው። ማን በር ይክፈት፣ ማን ይግባ፣ ያሸነፈው ሲወጣ ስንት ይክፈል ይላሉ። ተሸንፎ ስለሚወጣው ሰው የሚሉት ነገር የለም።

ፍል ውሃና ቁማር ጎረቤታሞች የነበሩበት ሌላ አገር ትዝ አለኝ። በ19ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ውስጥ ባደን-ባደን፣ ቪስባደን፣ ሆምቡርግ የሚባሉት ከተሞች እንደ ሶደሬ የሕመምተኛ መዳረሻዎች ነበሩ። በሽተኛው ጠዋት ይታጠባል፤ ማታ ከፍል ውሃው አጠገብ በተሠራው ያማረ አዳራሽ ውስጥ ሩሌት ይጫወታል። ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ በ1865 እ.ኤ.አ. ቪስባደን ላይ ያለ የሌለውን አስበላ። በዓመቱ «ቁማርተኛው» የተሰኘውን ልብ ወለድ፣ አሳታሚው የቆረጠለት ቀን ሳያልፍ፣ በ26 ቀናት ውስጥ ለአንዲት ወጣት ጸሐፊ እየነገረ አስጻፈ። ጸሐፊዋን አናን ኋላ አገባት፤ የእርሷንም ጌጣጌጥ በመያዣ እያስያዘ ቆመረ።

የጀርመን መንግሥት እነዚያን አዳራሾች በ1872 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዘጋቸው። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ ቦታ ቀየረ። የሆምቡርጉ ባለ ቁማር ቤት ፍራንሷ ብላን ቀድሞ ሞንቴ ካርሎ ላይ ሌላ አዳራሽ ይዞ ነበርና፣ ተጫዋቹ ሻንጣውን ይዞ ወደዚያ ተጓዘ። ዶስቶየቭስኪስ? እርሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዳራሾቹ ከመዘጋታቸው ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። የዳነው በሩ ስለ ተዘጋ አልነበረም። ለምን እንደ ተወው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ የምይዘው አንድ ነገር ነው። አና በማስታወሻዋ እንደ ተረከችው፣ የባሏን ነገር እንደ ክፋት ሳይሆን እንደ ደዌ ቆጥራ አብራው ቆየች።

የእኛም ታሪክ ወደዚሁ መስቀለኛ መንገድ ደርሷል። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በየሰፈሩ የፈሉትን የውርርድ ቤቶች አሸገ። ብዙ እናቶች እንደ ተደሰቱ አልጠራጠርም፤ አክስቴም አዳማ ሆና እልል ብላለች። ነገር ግን ሞንቴ ካርሎ ዛሬ ሩቅ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ በስልክ መልክ ተቀምጧል። በስልክ ላይ ሰም የሚያትም ደንብ አስከባሪ ደግሞ የለም።

ሌሎች አገሮች ከበሩ አልፈው ሰውየውን ማየት የጀመሩት እነርሱም ዘግይተው ነው። ኖርዌይ በ2007 እ.ኤ.አ. የቁማር ማሽኖችን ከየሱቁ ሰብስባ አወጣች፤ በኋላ በተኳቸው የመንግሥት ማሽኖች ላይ ግን ተጫዋቹ ሊያጣ የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ ተበጀለት። ብሪታንያ በ2020 እ.ኤ.አ. በክሬዲት ካርድ መወራረድን ከለከለች፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጫዋች ድርጅቶች ለሕክምናና ለምርምር የሚውል ገንዘብ በግዴታ እንዲያዋጡ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገቡ የቁማርን ልማድ ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጎን አስፍሮታል። አና የደረሰችበትን መዝገቡ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደረሰበት ማለት ነው።

ወደ ዕጣ ልመለስ። የአክስቴ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ዕጣ ገጥሞታል፤ አንዱ ዕቁቡ፣ አንዱ ውርርዱ። ሁለቱም ዕድል ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። በዕቁብ ተሸናፊ የለም፤ ተራው ያልደረሰ ብቻ ነው ያለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቁብ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ዋስህ ማነው?» ይህች ጥያቄ ባለ ዕጣው ነገ ምን ይሆናል የሚል አሳብ በውስጧ አለ። ውርርድ ቤቱ ይህን አልጠየቀም። መንግሥትም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሻጭ ሆኗል፣ ቀራጭ ሆኗል፣ ዘበኛም ሆኗል፤ ለተሸናፊው ዋስ ግን አልሆነለትም። ዋስ መሆን ማለት ከሚሰበሰበው ላይ ለሕክምና መመደብ፣ ለኪሳራው ጣሪያ ማበጀት፣ «ስሜን ሰርዙልኝ፣ አታስገቡኝ» የሚለውን ሰው ቃል ማክበር ነው።

እኔ ግን ዋስ ነበርኩና ዕዳውን ከእርሱ ጋር ከፈልኩ፤ አሥራ አራት ወር ፈጀብን። ፍል ውሃው ምን እንደ ሠራለት አላውቅም። ከሶደሬ ስንመለስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት እንደ ተበላ ቁጥሩን ሳይደብቅ ነገረኝ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ዕቁብ ገባ፤ ዕጣው ሲወጣለትም አንገቱን ደፍቶ መጣና ዋስ እንድሆነው ለመነኝ። ፈረምኩ። የዕቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረከበው ግን ለእርሱ አልነበረም። ሁለታችንም ባለንበት ለባጃጁ ሻጭ ሰጠው። እንዲህ ይሁን ያለው የአክስቴ ልጅ ራሱ ነው።