የዕለት ጉርስ

«የዕለት ጉርስ» ለአንድ ቀን የሚበቃ ምግብ ነው። «ዕለት» ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ጉርስ» ደግሞ «ጎረሰ» ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ «ጉርሻ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። ሐረጉ ብዙ ጊዜ ከ«የዓመት ልብስ» ጋር ተጣምሮ ይነገራል። አሰፋፈሩን ልብ ይሏል፦ ምግብ በቀን፣ ልብስ በዓመት፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ጊዜ መስፈሪያ አልተበጀለትም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ስለ ነገ አለመጨነቅን የሚያስተምረው ክፍልም የሚያነሣው እነዚህኑ ሁለቱን፣ ምግብንና ልብስን ነው። ዛሬ አነጋገሩ በአብዛኛው ድህነትን ለመግለጽ ይውላል፤ ከዕለት ጉርሱ ያላለፈ ሲባል ጥሪት የሌለው ማለት ነው። ይህ አፈታት ጠባብ ነው። «የዕለት ጉርስ አትንሳን» ብሎ የሚጸልይ ሰው የሚለምነው ችግርን ሳይሆን የሚበቃውን ያህል ነው።