ስለ አሮጌዎቹ የመሻገሪያ መርከቦችና ስለ ወዳጆቻቸው

ባሕር ሰውን ከሰው ይለያል፤ መርከብ ግን ያገናኛል። ድልድይ በተሠራ ጊዜ ደግሞ ሲያገናኝ የኖረው መርከብ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀራል፤ ሰውም ትናንት እያጕረመረመ ይጠብቀው የነበረውን መርከብ ዛሬ በናፍቆት ያነሣዋል። ይህ የልብ ጠባይ በየአገሩ የታወቀ ሲሆን፥ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ አውቶሞቢል ሲያሻግሩ በኖሩት መርከቦች ታሪክ ላይ እጅግ ጐልቶ ይታያል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1927 ዓመት ለሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ስድስት አዳዲስ የመሻገሪያ መርከቦች ተሠሩ። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ አካላቸው እንጨት ሲሆን የእነዚህ ግን ብረት ነበረ። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩም በተራው በውሃ ውስጥ ያለውን መዘውር ያዞራል። ስለዚህ «የብረት ኤሌክትሪኮች» የሚል ስም ወጣላቸው። ፊታቸውና ኋላቸው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ አውቶሞቢሉ በአንደኛው ጫፍ ገብቶ በሁለተኛው ይወጣል፤ መርከቡም ለመመለስ መዞር አያሻውም።

ዳሩ ግን ዕድሜያቸው ገና ዐሥር ዓመት ያህል ሳለ፥ በ1936 ወደ ኦክላንድ የሚወስደው ታላቅ ድልድይ፥ በ1937ም የጎልደን ጌት ድልድይ ተከፈተ። ሕዝቡም ወደ ድልድዩ ስለ ዞረ መርከቦቹ ገበያ አጡ፤ በ1940 ስድስቱም ተሸጠው ወደ ሰሜን፥ ፑጀት ሳውንድ ወደሚባለው የዋሺንግቶን ግዛት ባሕር ተወሰዱ። በዚያ ደሴቱ ብዙ፥ ውሃውም ጥልቅና ሰፊ በመሆኑ መርከብ እስከ ዛሬ ድረስ የሕዝብ መንገድ ነው። በሲያትል ከተማ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ይህን መሻገሪያ ያውቁታል። ከመርከቦቹ አንዷ በነባሩ ሕዝብ የንግድ ቋንቋ «ኢላሂ» ተባለች፤ ትርጓሜውም ምድር ማለት ነው። ኑሮዋ በባሕር ሆኖ ስሟ ምድር መባሉ ለባለ ቅኔ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ኩዊኖልት፥ ክሊኪታትና ኒስኳሊ የተባሉት ግን በነገዶች ስም ተጠሩ።

በ1951 የዋሺንግቶን መንግሥት የመሻገሪያውን ሥራ ከኩባንያው ተረከበ። ከስድስቱ ሁለቱ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ከሥራ ወጡ፤ አራቱ ግን እየታደሱ ቆዩ። በዚህም ዘመን ወዳጆች አፈሩ። እነዚህ ወዳጆች የሚጭኑት ዕቃ፥ የሚጠይቁት ዘመድ፥ የሚፈጽሙትም ጕዳይ ሳይኖራቸው ለመሻገር ብቻ የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው። ወዲያ ማዶ ደርሰው በዚያው መርከብ ይመለሳሉ። የሞተሩን ድምፅ ሰምተው መርከቡን በስም ይለያሉ፤ የተሠራበትን ዓመትና የታደሰበትን ጊዜ እንደ ነገሥታት ዜና መዋዕል ይቈጥራሉ። ሰነፍ የሚላቸው ቢኖርም ተሳስቷል፤ የብዙውን መርከብ ታሪክ ከመጥፋት ያዳነው የእነርሱ ትጋት ነውና።

መንግሥት አሮጌዎቹን መርከቦች ያቈያቸው ግን ስለ ፍቅር አልነበረም። በፖርት ታውንሰንድ ከተማና በዊድቢ ደሴት መካከል ያለው መሻገሪያ፥ በደሴቱ በኩል ኪስቶን የሚባል ጠባብና ጥልቀት የሌለው ወደብ አለው፤ ትልልቆቹ አዳዲስ መርከቦች ወደዚያ ሊገቡ አልቻሉም። እንዲህ ሆኖ ሰማንያ ዓመት አገለገሉ።

በ2007 ዓመት መርማሪዎች ከውሃ በታች ያለውን ብረት ሲያዩ ዝገትና ስንጥቅ አገኙ። ኅዳር በገባ በሃያኛው ቀን የግዛቱ የመጓጓዣ ሹም ወይዘሮ ፓውላ ሐሞንድ አራቱም ከሥራ እንዲወጡ አዘዘች። ቀኑ የአሜሪካ የምስጋና በዓል ሊደርስ ሁለት ቀን የቀረው፥ መንገደኛም የሚበዛበት ነበረ። በፖርት ታውንሰንድ አውቶሞቢል የሚያሻግር ጠፋ፤ ነጋዴውም ተቸገረ። በ2008 ከሌላ አውራጃ አንድ ትንሽ መርከብ በኪራይ መጣ፤ በ2010ም ለዚያ ወደብ የተሠራችው ቼትዜሞካ ሥራ ጀመረች። አራቱ አሮጌዎች ግን በ2009 ወደ ሜክሲኮ፥ ወደ ኤንሴናዳ ተጐትተው ለብረታቸው ተሰባበሩ።

ወዳጆቻቸው አዘኑ፤ ኀዘናቸውም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የካላካላን ዕድል ማስታወስ ይገባል። ይህች መርከብ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ፔራልታ ተብላ ስትሠራ ኖራ በ1933 ተቃጠለች፤ አካሏም ወደ ሰሜን ተወስዶ በ1935 እንደ ብር የምታበራ አዲስ መርከብ ሆና ወጣች። ዝናዋም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1967 ሥራዋን ትታ በአላስካ የዓሣ ማዘጋጃ ሆነች። የሚወዷት ሰዎች ብዙ ደክመው በ1998 ወደ ሲያትል መለሷት። ሆኖም ለማደሻዋ የሚበቃ ገንዘብ፥ ለማረፊያዋም የሚሆን ወደብ አልተገኘም፤ ከቦታ ወደ ቦታ እየተጐተተች ዝጋ በ2015 በታኮማ ተሰባበረች። ፍቅር ነበረ፤ ፍቅር ብቻውን ግን ዝገትን አይከለክልም።

እንግዲህ አሮጌን ነገር መውደድ ሁለት ወገን አለው። አንዱ መልኩን ብቻ አይቶ ይናፍቃል፤ ሁለተኛው ውስጡን ይመረምራል፥ በጊዜውም ያስጠግናል፥ የማይጠገን በሆነ ጊዜ ግን ሰው ከሚጠፋ ዕቃው ይቅር ይላል። በዚያ የኅዳር ቀን መርከቦቹን ያስቆመ ትእዛዝ ጭካኔ መስሎ ታይቶ ነበር። ነገር ግን የመሻገሪያ መርከብ ክብሩ የተሳፈረውን ሰው በደኅና ማዶ ማድረሱ ነው፤ ሰማንያ ዓመት ያሻገረ መርከብ ሰው እንደ ያዘ ሳይሰጥም ማረፉም ይህን ክብሩን ጠበቀለት እንጂ አልቀነሰበትም።