የባስከርቪል ውሻ
ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ፣ 1939 እ.ኤ.አ.፤ ዳይሬክተር ሲድኒ ላንፊልድ፤ ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ፣ አሜሪካ

ታሪኩ የሚካሄደው እንግሊዝ ውስጥ፣ በዳርትሙር ጭው ያለ ምድር ላይ ብቻውን በቆመ የባላባት ቤት ነው። ጭጋጉና ቋጥኙ ግን ሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ተመልካቹን የሚያስጨንቀውም ይኸው የታፈነ ሜዳ ነው።

ወራሹ ሰር ሄንሪ ለንደን ሳለ አንድ አዲስ ጫማው ይሰረቃል። አዲሱ ተመልሶ አሮጌው ሲጠፋ መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ይነቃል፤ ያልተረገጠ ጫማ የባለቤቱን ጠረን አልያዘም፤ ለውሻ ማሽተቻ አይሆንም። ፍንጩን ገና ከመነሻው በግልጽ ማስቀመጡ የልብ ወለዱ ደራሲ የአርተር ኮናን ዶይል ትልቅ ብልሃት ነው።

በተዋንያን ዝርዝር ቀድሞ የተጻፈው ሰር ሄንሪን የሚጫወተው ሪቻርድ ግሪን ነው። በሆልምስነት የሚታወሰው ባዝል ራትቦን ሁለተኛ ነው። እሱና የሆልምስን ጓደኛ ዋትሰንን የሚጫወተው ናይጅል ብሩስ ከዚህ በኋላ 13 ተጨማሪ የሆልምስ ፊልሞች ሠርተዋል።