የግራው ወንበር

በሀገራችን «ወንበር» የሚለው ቃል ሦስት ፍቺ አለው። ፖለቲከኛው ሲጠራው ሥልጣን ማለቱ ነው። የጎጃም የቅኔ መምህር «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ጉባኤ ከፍቶ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። ሦስተኛው ወንበር በአውሮፕላን አፍንጫ ውስጥ በስተግራ የተተከለው የዋና አብራሪው መቀመጫ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ሦስተኛው ነው፤ ዳሩ ግን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ስለ አንዱ ወንበር የሚጽፍ ሰው ሁለቱን ጨርሶ ሊረሳ አይቻለውም።

ስለ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ስንናገር ኩራታችን ይቀድመናል። ኩራቱን አልቃወምም። ነገር ግን ታሪኩን ስንተርክ አሥራ ሁለት ዓመታትን እንዘላለን። ድርጅቱ ትራንስ ወርልድ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 ተመሠረተ፤ አፕሪል 8 ቀን 1946 ሲ-47 አውሮፕላኑ፣ ማለትም የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም፣ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ስሙ የኢትዮጵያ፣ ሰንደቁም የኢትዮጵያ ነበር፤ የግራው ወንበር ግን የአሜሪካዊ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በዚያ ወንበር ላይ በሙሉ ኃላፊነት የተቀመጡት በ1957 ነው።

ለምን አሥራ ሁለት ዓመት? በየሻይ ቤቱ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «ነጮቹ ስለናቁን ነው» ይላል፤ ሌላው «ገና ስላልሠለጠንን ነው» ይላል። ሁለተኛውን መልስ ታሪክ በቀላሉ ያፈርሰዋል። ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው ሚሽካ ባቢቼፍና ባልደረባው አስፋው ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1930 አውሮፕላን ማብረር ችለዋል፤ ይህም ማይዬ የተባለው ፈረንሳዊ የመጀመሪያውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ካሳረፈ ዓመት ከጥቂት በኋላ መሆኑ ነው። የቺካጎው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በጣልያን ወረራ ዘመን ትንሿን አየር ኃይላችንን መርቷል፤ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ ሲያስተምር ቆይቶ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ ሞቶ እዚሁ ተቀብሯል። የማብረር ዕውቀት ለአበሻ እንግዳ አልነበረም።

የመጀመሪያውም መልስ ቢሆን ሙሉ አይደለም። ማብረርና ካፒቴን መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሃያና ሠላሳ መንገደኛ ይዞ፣ ደመና ውስጥ ገብቶ፣ በሰዓቱ ደርሶ መመለስ ለዓመታት በቀኝ ወንበር ተቀምጦ ማየትን ይጠይቃል፤ እነዚያን ዓመታት በዐዋጅ ማሳጠር አይቻልም። የሆነ ሆኖ «በቅቷል» ብሎ የሚፈርመው ብዕር በእንግዳው እጅ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ ብዕር የያዘ ሰው የፈተናውን ርዝመትም ይወስናል። ልብ በሉ፤ ድርጅቱ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ፣ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔን፣ ያገኘው በ1971 ነበር። ካፒቴኑ ከሥራ አስኪያጁ በ14 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። በሀገራችን ሹመት ከችሎታ በፊት ሲመጣ ማየት ለለመድን ሰዎች ይህ ቅደም ተከተል ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው።

ዲሲ-3 ወደ ደብረ ማርቆስ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ደጋው ራሱ መምህር ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ሲያንስ አውሮፕላኑ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ደግሞ ያንኑ ስስ አየር ስለሚስብ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የመንደርደሪያው ርዝመት ይጨምራል። በስተደቡብ የዓባይ ሸለቆ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በስተሰሜን ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ የክረምቱን ደመና ይይዛል። በቆላ ሜዳ የተማረ አብራሪ እዚህ ሲደርስ እንደገና ፊደል ይቆጥራል።

ዛሬ ያ ትምህርት በከፊል ወደ ሲሙሌተር ገብቷል። አዲስ ተቀጣሪው ረዳት አብራሪ ፈቃዱን ይዞ ቢመጣም፣ ለሚመደብበት አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ለሀገር ውስጥ በረራ ለሚያገለግለው ኪዩ-400፣ ከሀ ይጀምራል። የኤሌክትሪኩን፣ የነዳጁን፣ የሃይድሮሊኩን ሥርዓት ያጠናል፤ ለአስቸኳይ ጊዜ የተመደቡትን እርምጃዎች ቃል በቃል ይሸመድዳል፤ ከዚያም ሲሙሌተሩ ውስጥ ይገባል። እዚያ አስተማሪው ከኋላ ተቀምጦ አውሮፕላኑ የውሳኔ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም መንደርደሩን ማቋረጥ ከማይቻልበት ቅጽበት ላይ፣ አንዱን ሞተር ያጠፋበታል። ደጋግሞ ያጠፋበታል። በዚህ መንገድ ያለፈ የቀድሞ ተማሪዬ «ዶክተር፣ እርስዎ ፈተና የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ ቁርስ ነው» ብሎኛል። ይቅር ብየዋለሁ።

እኔ ግን ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ዋሸራና ደብረ ኤልያስ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሡን በቃሉ ይይዛል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይወጣል፤ የቆጠረውን በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። የማን ልጅ እንደሆነ ቅኔውን አያቀናለትም። ይህ ዘዴ ከቺካጎ አልመጣም፤ ጎጃም ሲያውቀው ኖሯል።

አንድ ላይ ግን ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ፊትና ጀርባ ናቸው። ቅኔ ሰምና ወርቅ ይሻል፤ ኮክፒት ሰም ብቻ ይሻል። እኛ ታላቅን በቀጥታ ማረም ነውር ነው ብለን ያደግን ነን፤ «አንቱ» የምንለውን ሰው ስንቃወም ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በቴኔሪፌ ሁለት ጃምቦ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። የኔዘርላንዱ ካፒቴን የድርጅቱ የአሠልጣኞች አለቃ ነበር፤ ረዳቱን ከሁለት ወር ገደማ በፊት የፈተነው እሱ ራሱ ነበር። ካፒቴኑ ያለ ፈቃድ መንደርደር ሲጀምር ረዳቱ በግልጽ «አቁም» አላለም። ከዚያ ወዲህ ረዳቱ አለቃውን በግልጽ ቃል እንዲያርም፣ አለቃውም እንዲሰማ የሚያስገድድ ሥልጠና በዓለም ተስፋፋ። ለእኛ ልጆች ከሞተር መጥፋት ይልቅ ይህ ሳይከብድ አይቀርም።

የሽምደዳው ፋይዳ ከዚህ ሩቅ ባልሆነ ስፍራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 ወደ አሥመራ የሚሄድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮች ገባ። አብራሪዎቹ ሊመለሱ ሲዞሩ ሞተሮቹ ከዱአቸው፤ ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳትም ተነሣ። ከ98 መንገደኞች 35 ሞቱ፤ የቀሩትና ስድስቱም ሠራተኞች ተረፉ። ሁለት ሞተር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የሚታሰብበት ጊዜ የለም፤ እጅ የተማረውን ይሠራል።

አሁን ወደሚያቃጥለን ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 የበረራ ቁጥር 302 ወድቆ 157 ነፍስ ሲጠፋ፣ የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት 361 መሆኑ በዓለም ጋዜጦች ተደጋገመ፤ አንድ የአሜሪካ ምክር ቤት አባልም በአሜሪካ የሠለጠነ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ይወጣው ነበር የሚል ነገር ተናገረ። 1,500 የሚለው የአሜሪካ መሥፈርት ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ አጠገብ ከወደቀው የኮልጋን አየር በረራ ነው። ያ ድርጅት አነስተኛ የክልል አየር መንገድ ነበር፤ አውሮፕላኑም እኛ ወደ ባሕር ዳር የምንሳፈርበት ኪዩ-400 ነበር፤ 50 ሰው ሞተ። የሚያስገርመው ሁለቱም አብራሪዎች ከ2,000 ሰዓት በላይ የበረሩ መሆናቸው ነው። አውሮፕላኑ ፍጥነት አጥቶ ሲያስጠነቅቅ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፈንታ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ሰዓት ቆጣሪ ይህን አያስተካክልም፤ የሚያስተካክለው በሲሙሌተር ውስጥ ደጋግሞ መውደቅ ነው።

በ302 ላይ ግን የሆነው ሌላ ነበር። በአንድ የተሳሳተ መለኪያ ብቻ ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ቁልቁል የሚገፋ ሶፍትዌር ነበር። ከ8,000 ሰዓት በላይ የበረረው የ29 ዓመቱ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የታገለው ከዚያ ጋር ነው። ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት የሶፍትዌሩ አሠራር በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር፤ ያልተጻፈ ግስ ማን ይቆጥራል? የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ባወጣው ሪፖርት ቦይንግንና የአሜሪካን የአቪዬሽን ባለሥልጣን በስም ጠርቶ ወቅሷል። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻ ሪፖርት በዲሴምበር 2022 ሲወጣ ደግሞ የአሜሪካው የአደጋ ምርመራ ቦርድ የአብራሪዎቹ አያያዝ በበቂ አልተመረመረም ሲል ተቃውሞውን አሰማ፤ የፈረንሳዩም ቢሮ ተመሳሳይ ሐሳብ ሰነዘረ። «በቅቷል» ብሎ የሚፈርመው ብዕር በማን እጅ ነው የሚለው የ1957ቱ ጥያቄ በ2022ም መልስ አላገኘም።